የጄምስ ዋት ፈረስ ጣና ላይ
በ2ኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ

በእኛ አገር በቢቸና አንድ ገበሬ ምን ያህል መሬት እንዳለው ቢጠየቅ በሄክታር አይመልስም፤ በጥማድ ነው። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን አርሶ የሚውለው መሬት ነው። ወደ ሄክታር ሲመነዘር ሩብ ገደማ ይሆናል። ግን የማን በሬ? እርጥብ ሣር የጠገበ ነው ወይስ በጋውን በገለባ የከረመ? መሬቱስ ዋልካ ነው ወይስ ቀላል ቀይ አፈር? ልጅ ሆኜ ይህ ጥያቄ አስጨንቆኝ አያውቅም። ጥያቄው የመጣብኝ ባሕር ዳር፣ አንድ የሞተር መሸጫ ሱቅ ውስጥ፣ ስለ በሬ ሳይሆን ስለ ፈረስ ስንከራከር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ቢቸና አካባቢ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ደግሞ ጣና ላይ በሰው ጀልባ ተቀጥሮ ይሠራል። እሱና ሁለት ጓደኞቹ ገንዘብ አጠራቅመው የራሳቸውን የጀልባ ሞተር ሊገዙ ሲነሡ ብሩ ጎደላቸው። አጎቴ አንድ ጥንድ በሬ ሸጡ፤ ብሩን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩና የተማረ ሰው አብሮ ይሂድ ተብሎ እኔን አስከትለው መንገድ ጀመሩ። ደብረ ወርቅንና ግንደ ወይንን አልፈን ሞጣ ዘመድ ቤት አደርን። የቤቱ ባለቤት ወፍጮ ቤት አላቸው። ማታ ወሬው ስለ ሞተር ሲሆን የሳቸው የወፍጮ ሞተር ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያህል ፈረስ ጎትቶ እንደማያውቅ አጫወቱን። ለምን እንደሆነ ግን እሳቸውም አያውቁትም፤ ቻይናዎቹን አምተው አለፉት።

በማግስቱ ባሕር ዳር ሱቁ ገባን። ሁለት ሞተሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ቀለማቸው አንድ፣ ክዳናቸው አንድ፣ ሁለቱም ባለሁለት ሲሊንደር፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሲሲም እኩል ነው። ልዩነቱ ክዳኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ አንዱ 25፣ ሌላው 30 ይላል። ዋጋቸው ግን የአንድ በሬ ያህል ይራራቃል። አጎቴ ሁለቱንም ዞር ዞር ብለው አዩና አምስቱ ፈረሶች የት እንዳሉ ጠየቁኝ። ቁጥሩን ሰው ለጥፎበት እንዳይሆንም ጠርጥረዋል። እኔ የማጠናው ጋዜጠኝነት እንጂ መካኒክነት አይደለም። ቢሆንም ጋዜጠኛ ጠይቆ የሚደርስበት ሰው ነው እየተባልን ስለምንማር ሁለት ቀን ጊዜ ጠየቅኋቸው። ፍለጋው ወደ ሞተር ፋብሪካ ይወስደኛል ብዬ ነበር። የወሰደኝ ግን ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ወደሆነው አንድ ስኮትላንዳዊ ነው። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጄምስ ዋት ጃንዋሪ 19 ቀን 1736 ግሪኖክ በምትባል የስኮትላንድ የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ አናጢም ነጋዴም ነበሩ፤ መርከብ ይሠራሉ፣ የመርከበኞችን መሣሪያ ይጠግናሉ፣ ዕቃም ያስመጣሉ። ልጁ ከሕፃንነቱ ሕመምተኛ ነበር። ጥርሱን ያመዋል፣ ራሱን ያመዋል፤ ራስ ምታቱማ ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። ትምህርት ቤት ብዙ ስለማይውል እናቱ ቤት ውስጥ ማንበብ አስተማሩት፤ ከአባቱ መሥሪያ ቤት ደግሞ ትንንሽ መዶሻና መሮ ተሰጠው። ማንቆርቆሪያው ሲፈላ አይቶ የእንፋሎት ሞተርን ፈለሰፈ የሚለውን ተረት ብዙዎቻችን በልጅነታችን ሰምተናል። እኔ አልተቀበልኩትም። የእንፋሎት ሞተር እሱ ከመወለዱ በፊት ነበረ። ቶማስ ኒውኮመን የሚባል እንግሊዛዊ በ1712 ሠርቶ ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ ያስወጣበት ነበር።

በ1753 እናቱ ሞቱ፤ የአባቱም ንግድ ተበላሸ። ልጁ እጁን ሥራ ለማስተማር ወደ ግላስጎው፣ ከዚያም በ1755 ወደ ለንደን ሄደ። የሚፈልገው የሒሳብና የመለኪያ መሣሪያ መሥራት ነበር። የጊዜው ሕግ አንድ ልጅ ሙያ ለመያዝ ሰባት ዓመት በደቀ መዝሙርነት ማገልገል አለበት ይላል። ዋት ሰባት ዓመት የሚያበላ ገንዘብ ስላልነበረው አንድ ባለሙያ 20 ጊኒ አስከፍለው በአንድ ዓመት እንዲያስተምሩት ተስማሙ። ዓመቱን ሙሉ ከቤት ብዙም አይወጣም ነበር፤ ምክንያቱም ወጣቶችን ከመንገድ አፍሰው ወደ ጦር መርከብ የሚወስዱ ሰዎች ከተማውን ያስሱ ነበር። ታሞ፣ ከስቶ፣ ግን ሙያውን ይዞ ተመለሰ። ግላስጎው ሲደርስ ደግሞ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ሰባቱን ዓመት አልጨረስክም ብሎ ሱቅ እንዳይከፍት ከለከለው። ያዳነው ዩኒቨርሲቲው ነው። በ1757 ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ሰጠው፤ የማኅበሩ ሥልጣን ከግቢው አጥር ውጭ ስለሚቆም ማንም ሊነካው አልቻለም።

በዚያች ክፍል እያለ በ1763 እና 1764 መካከል ለማስተማሪያ የሚያገለግል ትንሽ የኒውኮመን ሞተር ጠግን ተብሎ መጣለት። ጠገነው፤ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ደክሞ ከወጣና ከወረደ በኋላ ይቆማል፤ እንፋሎት አይበቃውም። ዋት የሞተሩን ችግር ያገኘው እዚህ ላይ ነው። እኛ ቤት በሚገባን ነገር ልንገራችሁ። አንዲት ሴት እንጀራ ስትጋግር አንዱን ባወጣች ቁጥር ምጣዱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብትደፋ፣ ከዚያ እንደገና እሳት አንድዳ ብታግለው፣ እንደገና ጋግራ እንደገና ውሃ ብትደፋ ምን ያህል እንጨት ይፈጃል? የኒውኮመን ሞተር የሚሠራው በትክክል እንዲህ ነበር። እንፋሎቱ ሲሊንደሩን ሞልቶ ፒስተኑ ከወጣ በኋላ ፒስተኑ እንዲወርድ እዚያው ሲሊንደር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጫል። የነደደው ድንጋይ ከሰል አብዛኛው የቀዘቀዘውን ብረት መልሶ ለማሞቅ ነው የሚያልቀው። መላው የመጣለት በ1765 ግንቦት ወር አካባቢ፣ በአንድ እሁድ፣ ግላስጎው ውስጥ በሚገኝ መስክ ላይ ሲንሸራሸር ነው ይባላል። እንፋሎቱን አውጥቶ በሌላ ዕቃ ውስጥ ማቀዝቀዝ፤ ሲሊንደሩ እንደጋለ ይቆይ። ምጣዱን አትንኩት፤ ውሃውን ሌላ ቦታ ድፉት ማለት ነው።

ሐሳቡ በአንድ እሁድ መጣ፤ ሥራ ላይ ለመዋል ግን አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። ይህን ክፍል የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ቶሎ ያልፉታል፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የያዘኝ ይኸው ነው። ገንዘብ የለውም። ጆን ሮባክ የሚባል ባለሀብት ዕዳውን ከፈለለትና በ1769 የባለቤትነት መብቱን አስመዘገበ። ይሁንና ትክክለኛ ክብ ሲሊንደር የሚቦረቡር ሰው ጠፋ፤ በፒስተኑ ዳርና ዳር እንፋሎቱ ያመልጣል። ዋት ለእንጀራው ሲል ለቦይ ሥራ መሬት እየዞረ መለካት ጀመረ። በ1773 በሰሜን ስኮትላንድ ተራሮች መሬት እየለካ ሳለ ባለቤቱ በወሊድ ላይ መታመሟን ሰማ። ሲደርስ ሞታ ነበር። በዚያው ዓመት ሮባክም ከሰረ። ድርሻውን ማቲው ቦልተን የተባለ የበርሚንግሃም ባለፋብሪካ ወሰደ፤ ዋት በ1774 ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያው ሄደ። በ1775 ፓርላማው መብቱን እስከ 1800 አራዘመለት። መድፍ የሚቦረቡር ጆን ዊልኪንሰን የሚባል ሰው ደግሞ የሚፈለገውን ሲሊንደር ቦረቦረ፤ በ1776 የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ሞተሮች ሥራ ጀመሩ።

እንግዲህ የአጎቴ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዋትና ቦልተን ክፍያቸውን የሚያገኙት ሞተሩን በመሸጥ አልነበረም። የማዕድን ባለቤቶች በፊት የኒውኮመን ሞተር ስለነበራቸው አዲሱ ከአሮጌው ጋር ተወዳድሮ ከዳነው የድንጋይ ከሰል ዋጋ ሢሶውን ይወስዳሉ። ጥሩ ንግድ ነው። ነገር ግን ዋት በ1781 የፒስተኑን መውጣትና መውረድ ወደ መሽከርከር ሲለውጠው ሌላ ዓይነት ደንበኛ መጣ፦ ባለ ወፍጮ፣ ቢራ ጠማቂ፣ ባለ ፈትል ፋብሪካ። እነዚህ አሮጌ ሞተር የላቸውም። ያላቸው ፈረስ ነው። ታዲያ ከምን ጋር አወዳድሮ ያስከፍላቸው?

ሞተርን ከፈረስ ጋር ያነጻጸረው ዋት የመጀመሪያው አይደለም። ቶማስ ሴቨሪ የተባለ ሰው በ1702 ሐሳቡን ጽፎት ነበር። ዋት ያደረገው ቁጥር መስጠት ነው። የወፍጮ ፈረስ ክብ እየዞረ ነው የሚሠራው። ዋት የክቡን ስፋት ከመሐል እስከ ጠርዝ 3.66 ሜትር፣ ፈረሱ በሰዓት የሚዞረውን 144 ጊዜ፣ የሚስበውን ኃይል 82 ኪሎ ገደማ አድርጎ አሰላ። በሳቸው መለኪያ 32,572 ወጣ፤ እሱ ግን ወደ 33,000 አጠጋጋው። በእኛ ቋንቋ አንድ ፈረስ ማለት 76 ኪሎ ገደማ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ብትሰጡት ከአንድ ሰከንድ ከሩብ ትንሽ ዘግይቶ አንድ ሜትር ያነሣዋል። ይህንንም ቀኑን ሙሉ! እንዲህ የሚችል ፈረስ ጥቂት ነው። አንድ ቢራ ጠማቂ ዋትን ለማታለል ምርጥ ፈረሱን እየገረፈ አስለካው የሚል ወሬም አለ። እውነት ይሁን ተረት፣ ፈረሱን ማግዘፍ ለዋት ይጠቅመው ነበር። አሥር ፈረስ ያስወጣል ብሎ የገዛ ሰው አሥሩን አስወጥቶ ሁለት ሦስት ቢተርፍለት አይከስም።

ከዚያ ክፍያው መጣ፦ በየዓመቱ ለአንድ ፈረስ ከለንደን ውጭ 5 ፓውንድ፣ ለንደን ውስጥ 6። ይህን ሳነብ ነው አጎቴን ያስታወስኳቸው። የፈረስ ጉልበት የተወለደው ሞተሩን ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ ለማስከፈልም ነው። በኋላማ የሞተሩን ፈረስ በሲሊንደሩ ስፋት ብቻ፣ ግፊቱ እንዲህ ነው ተብሎ በስምምነት መወሰን ተለመደ። ሌሎች ፋብሪካዎች ግፊቱን ሲጨምሩት ያው ሲሊንደር ከተጻፈበት እጥፍና ከዚያ በላይ መጎተት ጀመረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የመርከብ ሞተር ሁለት ቁጥር ነበረው፤ አንዱ የስሙ ፈረስ፣ አንዱ የእውነቱ። አንድ መልክ ሁለት ቁጥር አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ስለ ዋት ስጽፍ መልካሙን ብቻ ማውራት አልፈልግም። የባለቤትነት መብቱን እስከ 1800 ድረስ አጥብቆ ስለያዘ ሌሎች ፈልሳፊዎችን ፍርድ ቤት ሲያመላልስ ኖሯል። ከፍተኛ ግፊት ያለውን እንፋሎት ይፈራ ስለነበር የገዛ ሠራተኛው ዊልያም መርዶክ የሞከረውን በእንፋሎት የሚሄድ ጋሪ እንዲተው ገፋፍቷል። ሌላም አለ። የአባቱ ቤት ከአሜሪካና ከካሪቢያን ጋር የሚያደርገው ንግድ ከባሪያ ንግድ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ዋት ራሱም በወጣትነቱ አንድ ጥቁር ልጅ ሲዘዋወር እጁ እንደነበረበት የሚያሳይ ሰነድ ታሪክ አጥኚዎች አውጥተዋል። ሞተሮቹም በኋላ ለካሪቢያን የስኳር እርሻዎች ተሸጠዋል።

ወደ ጀልባው እንምጣ። በ1807 አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ፉልተን ሃድሰን ወንዝ ላይ ከኒውዮርክ እስከ ኦልባኒ መንገደኛ ያመላለሰባት መርከብ ሞተሯ የቦልተንና ዋት ሥራ ነበር። ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለው ዓይነት ለመምጣት ግን ሌላ መቶ ዓመት ወሰደ። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ በ1909 ለገበያ ያቀረበው ሞተር 28 ኪሎ ይመዝናል፤ ጉልበቱ አንድ ፈረስ ተኩል ነበር።

ዛሬስ? ፋብሪካ አንድ የሞተር አካል ቀልጦ እንዲፈስ ቅርጽ ማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ ያስወጣዋል። ስለዚህ አንዱን አካል ለብዙ ቁጥር ይጠቀምበታል። የቶሃትሱ ባለ 4፣ ባለ 5 እና ባለ 6 ፈረስ ትንንሽ ሞተሮች ሦስቱም 123 ሲሲ ናቸው። የሜርኩሪ ባለ 995 ሲሲው 40ም፣ 50ም፣ 60ም ሆኖ ይሸጣል። ያማሃ ባለሁለት ምቱን 246 ሲሲ 9.9 እና 15 አድርጎ ሸጧል። ታዲያ ትንሹን ምን ያሳንሰዋል? አብዛኛውን ጊዜ ትንፋሹን ያጠቡታል። ካርቡሬተሩ ጉሮሮው ጠበብ ይላል፤ ወይም የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው እንዳይከፈት የሚያግድ ትንሽ ብረት ይገባበታል፤ አዲሶቹ ላይ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ከዚህ በላይ አትሂድ ይለዋል። አየርና ቤንዚን ሲያንስ ዙሩም ያንሳል፣ ፈረሱም ያንሳል። አንዳንድ ጊዜ ግን የጭስ ማውጫው፣ ማርሹ ወይም ፒስተኑ ጭምር ይለያያል፤ ከውጭ ሲታይ አይታወቅም።

ፋብሪካው ይህን የሚያደርገው ለብልጠት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከ10 ፈረስ በላይ የሚከለከልባቸው ሐይቆች ስላሉ ነው 9.9 የሚባል ነገር የመጣው። መንጃ ፈቃድ በፈረስ ብዛት የሚጠየቅባቸው አገሮች አሉ። ጀልባው ራሱ ከዚህ በላይ አትስቀሉብኝ የሚል ምልክት ይለጠፍበታል። ለካውም የት ሆኖ ነው የሚለው አለ። እስከ 1980ዎቹ ድረስ ብዙዎቹ የሚለኩት ከላይ ሞተሩ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከታች፣ ፕሮፔለሩን በሚያዞረው ዘንግ ላይ ነው። ኃይሉ ማርሽ አልፎ እስኪወርድ ስለሚቀነስ አሮጌው 25 እና አዲሱ 25 እኩል አይደሉም።

ለእኛ ግን ትልቁ ጉዳይ ሌላ ነው። እነዚህ ሁሉ ቁጥሮች የሚወሰኑት በባሕር ጠለል አካባቢ ባለው አየር ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ ያህል ስለሚቀንስበት 25 የተባለው ጣና ላይ ወደ 20፣ 30 የተባለው ወደ 24 ይወርዳል። ማንም አላታለለንም፤ ፈረሱ የተለካው ቆላ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ስመለስ አጎቴ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከሁሉም ቶሎ የገባቸው የአየሩ ነገር ነው፤ ከአባይ በረሃ የወጣ በሬ ደጋ ላይ እንዴት እንደሚሆን ያውቃሉ። ልጃቸው ደግሞ ሥራው ሰውና ዕቃ ጭኖ ወደ ገዳማቱ ማድረስ እንጂ መሽቀዳደም እንዳልሆነ አስረዳ። እንደዚህ ከብዶ ውሃውን እየገፋ ለሚሄድ ጀልባ ጉልበቱ 20 በመቶ ቢጨመርለት ፍጥነቱ የሚያድገው ከ6 እስከ 7 በመቶ ብቻ ነው። አንድ መካኒክ 25ቱን ገዝታችሁ ካርቡሬተሩን ልቀይርላችሁና 30 ይሁን የሚል ሐሳብ አምጥቶ ነበር፤ ዋስትናው ይቀራል ብለን ተውነው። 25ቱ ተገዛ። በሱ ፈንታ ለከፍታው የሚስማማ፣ በአንድ ዙር ውሃውን ብዙ የማይስብ ፕሮፔለር ተገጠመለት። አጎቴም የአንዱን በሬ ዋጋ በጋቢያቸው እንደቋጠሩ ቀሩ።

ዋት እርጅናውን በሰላም ነው ያሳለፈው። በ1800 መብቱ ሲያበቃ ሥራውን ለልጆቹ ለቀቀና ቤቱ ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል ቅርጻ ቅርጽ የሚቀዳ ማሽን ሲሠራ ይውል ነበር። ከሁለተኛ ሚስቱ የወለዳቸው ሁለት ልጆች በወጣትነታቸው ሞተውበታል። በ1816፣ በ80 ዓመቱ፣ ተወልዶ ወዳደገባት ግሪኖክ በእንፋሎት መርከብ ተሳፍሮ ሄደ። አባቱ በሸራ የሚሄድ መርከብ በሠሩባት ወደብ ማለት ነው። በ1819 ኦገስት በርሚንግሃም አጠገብ ባለው ቤቱ ሞተ። በ1882 የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ማኅበር ለጉልበት መለኪያ ስሙን ሰጠ፤ አንድ የእንግሊዝ ፈረስ 746 ዋት፣ በአውሮፓና በጃፓን የሚሠራበት ፈረስ ደግሞ 735.5 ዋት ነው።

ስንመለስ ሞጣ እንደገና አደርን። አጎቴ ለባለ ወፍጮው የነገሩን ሁሉ አስረዱ፤ ዋትን እንደ ጎረቤት ሰው ነበር የሚያነሡት። ሞጣ ከጣና ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ባለ ወፍጮው ተነሥተው የሞተራቸውን ወረቀት ከሣጥን አወጡና በኩራዝ ብርሃን ከፈረሱ ቁጥር ጎን በትንሹ የተጻፈውን ኪሎ ዋት እንዳነብላቸው ሰጡኝ።